«በግም ይመዘገባል እንዴ?»

ባለፈው እሁድ አንድ የደብረ ብርሃን ጓደኛዬ ደወለ። በጎቼን በዘር መዝገብ ላስመዝግብ ወይስ ልተው እያልኩ እንደተጨነቅሁ ስነግረው ሳቀብኝ። «በግም ይመዘገባል እንዴ? ቴክሳስ ድረስ የሄድከው በግ ልትጠብቅ ነው?» አለኝ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ነገሩ ከሆዴ አልወጣም። እስቲ ልጻፈው።

እኔ ያደግኩት መንዝ ነው። በግ ሲገዛ ወገቡን ጨበጥ፣ ጥርሱን አየት አድርጎ ዋጋ መቁረጥን ከአባቴ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ከዳላስ ወጣ ብዬ ትንሽ መሬት አግኝቼ፣ ዶርፐር የሚባሉትን ጥቁር ራስ በጎች ልገዛ ስሄድ ማንም የሚያስተምረኝ አልመሰለኝም። አራት እናት በግና አንድ አውራ መረጥኩ። ሻጩ ሽማግሌ አመራረጤን አደነቀ። ከዚያ ወረቀት አወጣ። የእያንዳንዱ በግ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት በስምና በቁጥር ተጽፏል። «በማን ስም ላዛውራቸው?» አለኝ። «ግድ የለም፣ እኔ የምፈልገው በጎቹን ነው» አልኩት። ሁለቴ ጠየቀኝ፣ ሁለቴም እምቢ አልኩ። ኮፒውን ብቻ ይዤ ሄድኩ።

በዓመቱ አንዲት ሴት ሁለት ሰዓት ነድታ መጣች። ሁለት ሴት ግልገሎች ወደደች፣ በዋጋም ተስማማን። ልጄ አንዷን በገመድ ይዞ ተጎታቹ በር ላይ ቆሟል። የምዝገባ ወረቀት ስትጠይቀኝ ኮፒውን ሰጠኋት። እያነበበች መጥታ ጣቷን የባለቤቱ ስም ላይ አሳረፈች። የሽማግሌው ስም ነው። «ታዲያ በጎቹ የአንተ ናቸው?» አለች። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ረጋ ብላ ነው የጠየቀችኝ። ግን ገንዘቤን ከፍዬ የገዛኋቸውን፣ በብርድ ሌሊት ተነስቼ ያዋለድኳቸውን በጎች የሰረቅሁ ያህል ፊቴ ጋለ። ባዶ ተጎታቿን እየጎተተች ሄደች። ልጄ ገመዱን እንደያዘ «አባዬ፣ ለምን ተወቻት?» ሲለኝ መልስ አጣሁ።

የሚያናድደኝ ሌላም አለ። ዶርፐር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ዶርሴት ሆርን ከሚባል የእንግሊዝ በግና ከጥቁር ራሱ ፐርሺያን ተዳቅሎ የወጣ ነው። ስሙንም ያገኘው ከሁለቱ ነው። ፐርሺያን ይበሉት እንጂ የዚያ በግ ዘሩ ከእኛው ከአፍሪካ ቀንድ፣ ከሶማሌ በግ ነው። ጅጅጋ ገበያ የገባ ሰው መልኩን አይስተውም።

ፈረንጆቹ ግን የዘር ሐረጉን ጻፉት። እኛ ሰው ለማጋባት ሰባት ቤት እንቆጥራለን፣ የበግ አባት ግን አንጠይቅም። ቶሎ ያደገው ጠቦት ለፋሲካ ይሸጣል፣ የቀረው ቀጫጫ አውራ ይሆናል። አሁን መንዝ ውስጥ ገበሬዎች ተደራጅተው ምርጡን አውራ በጋራ እያስቀሩ መሆኑ ደስ ይለኛል። ፈረንጆቹም ቢሆኑ አንዱን አያት በአባትም በእናትም በኩል ጽፈው «ሆን ብለን ነው፣ ዘሩን ለማጥበቅ ነው» ሲሉ ሰቅጥጦኛል። እርግጥ እኛም ጋ አውራው ከገዛ ልጁ ጋር ነው የሚውለው፣ ብቻ አንጽፈውም።

«በግ እርባታ ልምጣ» የምትሉኝ ልጆች ስሙኝ። የምትሸጡት ለበዓል፣ ለሀበሻ ከሆነ የዘር ምዝገባ አያስፈልጋችሁም። ሀበሻ ወገቡን ዳስሶ ነው የሚገዛው። ለዘር እሸጣለሁ ካላችሁ ግን ወረቀት የሌለው በግ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የሥጋ ዋጋ ነው የሚያወጣው። በጉ መኪና ላይ ሳይወጣ የማዛወሪያውን ፊርማ ተቀበሉ። የጆሮውን ቁጥር ከዚህ ጋር አታምታቱት። እሱ ስክሬፒ የሚባለውን በሽታ ለመከታተል መንግሥት ያወጣው ግዴታ ነው። ደግሞ አምስት በግ ኑሮ አይሆንም። እኔ ሌሊት ሌሊት ታክሲ እየነዳሁ ነው መኖ የምገዛው። በሬዎቹን ሸጦ ሊመጣ ያሰበ ካለ ይቅርበት።

በመጨረሻ ላስመዝግብ ብዬ ወሰንኩ። ለሽማግሌው ስደውልለት አልተቆጣኝም፣ ማዛወሪያውን ፈርሞ በፖስታ ላከልኝ። ቅጹ ላይ የመንጋው ስም የሚል ባዶ ቦታ አለ። እስክሪብቶውን ለልጄ ሰጠሁት። በእንግሊዝኛ ፊደል «መንዝ» ብሎ ሞላው።