ጠቅልዬ ልገባ ስል 11 ዓመት፣ ከዛ አንድ ክረምት

ያደኩት ደሴ ነው፣ የምኖረው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፣ ከሀገር ከወጣሁ 14 ዓመት ሞላኝ። ከነዚህ ውስጥ 11ዱን የኖርኩት "ዘንድሮ ጠቅልዬ እገባለሁ" እያልኩ ነው። በየእንቁጣጣሹ ለእናቴ ደውዬ እንደዛ እላታለሁ፣ እሷም "አብሽር፣ በሰላም ያምጣህ" ትለኛለች፣ ከዛ ስልኩን ዘግቼ ወደ ኡበሬ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከልቧ ነበር፣ በኋላ በኋላ ግን "እሺ ደህና እደር" እንደማለት ሆነ፣ ድምጿ ላይ ያስታውቃል።

የኔ ቀን ሚጀምረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፣ ሬገን ኤርፖርት የማለዳ በረራ ያለው ሰው በዛ ሰዓት ነው ሚወጣው። መጠበቂያው ፓርኪንግ ውስጥ መዓት የኛ ሰው አለ፣ ፔርሙሱን ይዞ፣ ወንበሩን ለጥጦ፣ ወሬው ደሞ ሁሌ አንድ ነው፣ ካሬው ስንት ገባ፣ እገሌ ጠቅልሎ ገባ፣ እገሌ በስምንት ወሩ ተመለሰ። ስለተመለሰው ሰውዬ ሲወራ፣ እንጃ፣ ሁላችንም ውስጥ ውስጡን ደስ ይለናል መሰለኝ፣ አለመሄዳችን ልክ ይመስላላ። በኅዳር ፖቶማክ ወንዝ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሚያወጣውን ሐረጎ ሽቅብ እየወጣሁ ያለሁ ይመስለኛል። ሙዚቃ ደሞ ከከፈትኩ አለቀልኝ፣ ከአራቱ ቅኝት ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የኛው ወሎ ቦታዎች ስም ናቸው፣ ሰው እንዴት ብሎ ይርሳ?

መጀመሪያ የሰራሁት ስህተት የገንዘብ ነው። በ2015 ዓ.ም. "አሁንማ ቆረጥኩ" ብዬ 12 ሺ ዶላር በ54 ብር ገደማ ቀይሬ ባንክ አስቀመጥኩ፣ ለቤት መነሻ ትሆናለች ብዬ። ወደ 650 ሺ ብር ነበረች። እኔ ግን አልሄድኩም፣ ሥራ ነው፣ የመኪና ክፍያ ነው፣ ሰበብ መቼ ይጠፋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተባለና በጥቂት ሳምንት ውስጥ አንድ ዶላር ከ100 ብር አለፈ፣ የኔ 12 ሺ ዶላር ቁጭ ባለችበት ግማሿ ተነነች። ያን ቀን ዱለስ ኤርፖርት የማደርሰው ተሳፋሪ ነበረኝ፣ መውጫውን አልፌ ሄጄ ሰውየው ነው የመለሰኝ። ስለዚ ምክሬ ይቺ ናት፣ የምትገቡበት ቀን ሳይቆረጥ ብር አትቀይሩ።

ያኔ ነው ፓርኪንግ ላይ ለአንድ ትልቅ ሰው ያማከርኩት፣ ከኛ ሁላ በፊት የመጣ ሹፌር ነው። "ለመሆኑ ስትሄድ መቼ ነው ምትሄደው?" አለኝ። ለገና፣ ለጥምቀት፣ ሦስት ሳምንት አልኩት። ሳቀብኝ። "ቤት ሚታየው ሲዘንብ ነው" አለኝና ሻዩን ቀዳ። እውነቱን ነው እኮ፣ ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ በግ ይታረዳል፣ ዘመድ ሁሉ ፈቃድ ወስዶ ይጠብቀኛል፣ እኔ የማውቀው ሀገር የእንግዳ ሀገር ነው።

ስለዚ አምና በ2017 ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ሄድኩ፣ አስር ሳምንት። ለራሴ ሦስት ነገር ወሰንኩ፣ እንግዳ አልሆንም፣ ስጦታ አልሸከምም፣ በወር ከ45 ሺ ብር በላይ አላወጣም። ሦስቱም አልሆኑም። ሁለት ሻንጣ 23 23 ኪሎ ነው ሚፈቀደው፣ አንዱ ሙሉ በሙሉ የሰው ነው፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ቫይታሚን፣ የማላውቀው ልጅ ጫማ። ቤት እከራያለሁ ስል ደሞ እናቴ "እናቱ በሕይወት እያለች ተከራየ ሊባል ነው? ምን በደልኩህ?" ብላ አለቀሰች፣ በድርድር ጓሮ ያለችውን ክፍል ወሰድኩ፣ መብራትና ውሃ ከፋይ እኔ ሆኜ። 45 ሺዋ በሦስተኛው ሳምንት አለቀች። በምግብ እንዳይመስላችሁ፣ ለቅሶ ነው፣ የእድር ውዝፍ ነው፣ የታመመ ጎረቤት ነው፣ "ከውጭ መጥተህ ባዶ እጅህን አትሄድም" ነው። በጀት ምትሰሩ ሰዎች ለዚህ ለብቻው መድቡ፣ "ልዩ ልዩ" ውስጥ አትወሽቁት፣ ከቤት ኪራይ እኩል ነው።

አዲስ አበባ ሁለት ቀን ነው የቆየሁት፣ ፒያሳን ሳየው የማላውቀው ከተማ ሆኖብኝ ዝም ብዬ ወጣሁ። በመኪና መንገዱ ስጋት ነው ስላሉኝ እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን፣ ከዛ በታክሲ። ደሴ ስገባ ዝናብ። በነጋታው ዝናብ። ጦሳ ተራራን በደንብ ያየሁት በአምስተኛው ቀን ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በመጣች ሌሊት ተነስቶ ጀሪካን መሙላት አለ፣ መብራት ጥፍት፣ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣ ሲም ካርድ ላወጣ ስል "ፋይዳ አለህ?" (ዲጂታል መታወቂያው ነው)፣ ባንክ ስሄድ "ፋይዳ አለህ?"፣ ፋይዳ እስካገኝ እናቴ ነበረች በስሟ ሁሉን ምታደርግልኝ፣ በ44 ዓመቴ። በሌላ በኩል ሻይ የምትሸጠው ልጅ በቴሌብር ተቀበለችኝ፣ ዝርዝር ገንዘብ ፍለጋ እየተንከራተትኩ እኔ ነኝ ኋላ የቀረሁት።

ግን ዋናው የከበደኝ ይሄ አይደለም። ጭቃውንም ጨለማውንም በሁለት ሳምንት ለመድኩት፣ ያደኩበት አይደል። የከበደኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ቡና አለ፣ አቦል ቶና በረካ፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ምርቃቱ ወርዶ፣ ደስ ይላል። ከምሳ በኋላ ግን የደሴው ፒያሳ እወጣና ማንም የለም። ጓደኞቼ ግማሹ አዲስ አበባ፣ ግማሹ ሳዑዲ፣ አንዱ በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ሱቁ ተዘርፎ ከዛ ወዲህ ከተማውን ጥሎ ወጣ፣ አንዱ የለም። ካፌ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ ላዝ ስል አስተናጋጁ "ጋሼ ምን ልታዘዝ?" አለኝ። ጋሼ! ዞሬ ከኋላዬ ሰው ፈለኩ። ያኔ ነው የገባኝ፣ 11 ዓመት የናፈቀኝ የደሴው ሰኞ ገበያ የ20 ዓመት ልጅ ሆኜ የዞርኩበት ሰኞ ገበያ ነው፣ እሱን ደሞ ትኬት ቆርጦ አይሄዱበትም። አንድ ሳምንት ሙሉ ከፋኝ፣ ልመለስም አስቤ ነበር።

ያዳነኝ ጋራዥ ነው። እናቴ "እዚህ ተኝተህ ጣራ አትቁጠርብኝ" ስትለኝ የአጎቴ ልጅ የሚሰራበት ጋራዥ ሄጄ መቀመጥ ጀመርኩ፣ መጀመሪያ ለወሬ፣ በኋላ እጄ ዘይት ነካ። በነዳጅ የሚሰራ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው፣ ጋራዡ ግን አንዷ ስትመጣ ሁሉም ከቦ ያያታል እንጂ ሚነካት የለም። ባትሪው ይገድላል ይባላል፣ ደሞ ካላወቁበት ይገድላል። እኔም አላውቅም፣ ግን ከሰዓት በኋላ ምን እንደምሰራ የታየኝ እዛ ነው። ናፍቆት ሥራ አይሆንም፣ ሰው ጠዋት ተነስቶ ሚሄድበት ቦታ ይፈልጋል፣ ይሄን ፓርኪንግ ላይ ማንም አልነገረኝም፣ ሁሉም ስለ መሬት ነው ሚያወራው።

ስለ ወረቀት ጉዳይ ብዙ ስለምትጠይቁኝ ባጭሩ። እኔ የአሜሪካ ዜግነት ወስጃለሁ፣ ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ በሀገሬ የውጭ ዜጋ ነኝ፣ ግን ቢጫ ካርዱን፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያውን፣ ካወጣችሁ ያለ ቪዛ ትገባላችሁ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ትሰራላችሁ፣ መምረጥና መመረጥ ግን አይቻልም። ሶሻል ሴኩሪቲ 40 ክሬዲት፣ ማለትም ወደ 10 ዓመት ሥራ፣ ከሞላችሁ በጡረታ እድሜ እዛም ሆናችሁ ይደርሳችኋል፣ ሜዲኬር ግን ሀገር ቤት ህክምና አይከፍልላችሁም። ዜጋ እስከሆናችሁ ታክስ ፋይል ማድረግ እዛም አይቀርም። ግሪን ካርድ ያላችሁ ደሞ ከዓመት በላይ ምትቆዩ ከሆነ ከአሜሪካ ሳትወጡ የመመለሻ ፈቃድ ጠይቁ፣ ጓደኛዬ ሳያወጣ ቆይቶ ብዙ ጣጣ አይቷል።

እንቁጣጣሽ እዛው ሆኜ ዋለ። ጠዋት ልጆቹ አደይ አበባ ይዘው መጡ፣ ጦሳ ላይ ጭጋጉ ተገፎ ነበር። እንደ ልማዴ ስልኬን አነሳሁና ማን ጋ እንደምደውል ጠፋኝ፣ እናቴ ፊት ለፊቴ ቄጠማ እየጎዘጎዘች ነው።

አሁን ተመልሼ አሌክሳንድሪያ ነኝ። ሌሊት ኤርፖርት፣ ማታ ማታ በሳምንት ሦስት ቀን ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ የሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና፣ ክፍል ውስጥ ሽማግሌው እኔ ነኝ፣ ልጆቹ "ሰር" ይሉኛል፣ ከጋሼ አይሻልም። ባለፈው እሁድ እናቴ ጋ ደውዬ ጓሮ ያለችውን ክፍል ጣራዋን አሳድሺልኝ ስላት "አከራየኋት እኮ" አለችኝ።

"ለማን?"

"ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ባዶ ቤት ምን ያደርጋል።"

"እና እኔስ እማዬ?"

"እሱ ሰኔ ላይ ይመረቃል፣ አንተ ሐምሌ ትገባለህ። ካልመጣህ ደሞ ሌላ ተማሪ ከአሁኑ ጠይቆኛል፣ ቶሎ ንገረኝ።"