ነዳጅ ሰጥቼ ሁለት ሰከንድ ጠበቅኩ

ባለፈው ክረምት መገናኛ አካባቢ ወደ ግራ ልታጠፍ ቆሜ ነበር። ከኋላ እናቴና ሁለቱ እህቶቼ ከነልጆቻቸው ተቀምጠዋል። ከፊት የሚመጣው መኪና ራቅ ያለ መሰለኝና ነዳጅ ሰጠሁ። መኪናዋ አልተነሳችም። ፔዳሉ ወለል ነክቷል፣ ሞተሩ ይሰማል፣ እሷ ግን ዝም ብላ ትንፏቀቃለች። አንድ፣ ሁለት ብላችሁ ቁጠሩ። ከዚያ ድንገት ከኋላ የተገፋች ይመስል ተወረወረች። ያኛው ሹፌር ፍሬን ይዞ አተረፈን። እናቴ «በስመ አብ» ብላ ዝም አለች፤ እኔም ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

መኪናዋ ናፍጣ ናት። 2.5 ሊትር ሞተር፣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያላት፣ ማርሿ አውቶማቲክ የሆነ፣ ያገለገለች ሆና የገዛኋት የቤተሰብ ቫን። ፍጥነት ከያዘች በኋላ እንከን የላትም። የአዳማን ፈጣን መንገድ ሰው ሞልታ በ100 ስትሄድ ማንም አይማረርባትም። ችግሯ ከቆመችበት ስትነሳ ነው። አደባባይ ለመግባት፣ ከፍጥነት መቀነሻ በኋላ፣ ዳገት ላይ ከትራፊክ መብራት ስትነሳ፣ ማለትም አዲስ አበባ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በምናደርገው ነገር ላይ።

መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ አንድ ዙር ነድተው አዩአትና «ካምቢዮው (የማርሹ ሳጥን) አልቋል፣ ይውረድ» አሉኝ። የነገሩኝ ዋጋ የዓመት የቤት ኪራይ ይሸፍናል። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው፤ የናፍጣ አውቶማቲክ የሚነዱ የማውቃቸው ሰዎች ብዙዎቹ ይህንኑ ቃል ሰምተዋል፣ አንዳንዶቹም ካምቢዮ አስቀይረው የመኪናቸው ችግር ግን አልለቀቃትም።

እኔን ያዳነኝ የታኅሣሥ ቁልቢ ገብርኤል ጉዞ ነው።

አዋሽ ላይ ቁርስ በልተን ስንነሳ መኪናዋ ሌላ ሆነች። ነዳጅ ነካ ሳደርጋት ወዲያው ሄደች። ቆም ብዬ እንደገና ሞከርኩ። ያው ነው። እንዲያው ናፍጣው ተሻለ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ግን አሰበ ተፈሪን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ያ ድንዛዜ ቀስ በቀስ ተመለሰ፣ ቁልቢ ስንደርስ ልክ እንደ አዲስ አበባ ሆነች። ከጎኔ የተቀመጡት አጎቴ ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ ላይ የጨረሱ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። «ጋሼ፣ ይህን ነገር አስተዋሉት?» አልኳቸው። «አየሩ ነው እንጂ ምን ይሆናል» አሉኝ። «ጣርማ በር ላይ የሚያቃስት ሞተር ባቲ ሲወርድ ይዘፍናል። አንተ ካምቢዮ ካምቢዮ ትላለህ።»

ቤት ስመለስ ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ። ጋሼ ልክ ናቸው።

ናፍጣ ሞተር ማቃጠል የሚችለው ያገኘውን አየር ያህል ነው። በዘመናዊዎቹ ላይ ኮምፒውተሩ የሚገባውን አየር ይለካል። ከዚያ በላይ ናፍጣ ቢረጭ ጥቁር ጭስ ይሆናልና፣ እኛ ፔዳሉን ወለል ድረስ ብንረግጠውም እሱ አይሰጥም። ቱርቦ ደግሞ የሚዞረው በጭስ ማውጫው በኩል በሚወጣው ጋዝ ጉልበት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 750 ዙር ብቻ እየዞረ ሲያንኮራፋ ያ ጋዝ ጉልበት የለውም። ስለዚህ ከቆምንበት ስንነሳ ለመጀመሪያዋ ቅጽበት የምንነዳው ቱርቦ እንደሌለው ሞተር ነው፤ መኪናዋ ደግሞ ሁለት ቶን ትመዝናለች። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። እንጦጦ ላይ 3,000 ሜትር ስትደርሱ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። አዋሽ ግን 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 90 በመቶው አለ። አትሌቶቻችን እንጦጦ ወጥተው የሚሮጡበት ስስ አየር ነው መኪናዬን ትንፋሽ የሚያሳጥራት።

እሺ፣ ማንዋሉስ ለምን እንዲህ አይሆንም? ማንዋል የሚነዳ ሰው ፍሪሲዮን አለው። የታክሲ ሹፌሮቹን ሽሮሜዳ ዳገት ላይ እዩአቸው፤ ዙሩን ከፍ ያደርጉና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይለቁታል። ሞተሩ ጉልበቱን ካገኘ በኋላ ነው ሸክሙ የሚጫንበት። አውቶማቲክ ላይ በፍሪሲዮኑ ፋንታ ያለው ቶርክ ኮንቨርተር ነው። ሁለት ቬንትሌተር ፊት ለፊት አቁሙ። አንዱን ስታበሩት በነፋሱ የሌላኛው ክንፍ መዞር ይጀምራል። እዚህ ነፋሱ የካምቢዮ ዘይት ነው፣ አንዱ ክንፍ ከሞተሩ ጋር ታስሯል፣ ሌላው ከካምቢዮው ጋር። እንግዲህ ሞተሩ ከታች ደካማ ሲሆን ዘይቱን ማዞሩ ራሱ ይከብደዋል። ዙር ካልወጣ ቱርቦው አይነቃም፣ ቱርቦው ካልነቃ ዙር አይወጣም። ሁለቱ ተያይዘው እስኪላቀቁ ድረስ ያለችው ጊዜ ናት መገናኛ ላይ እኔን ያቆመችኝ።

ለዚህ ነው አንድ ነገር እንድታዩ የምለምናችሁ። ነዳጅ ስትሰጡ የሞተር ዙር መቁጠሪያውን ተመልከቱ። ዙሩ ፈጥኖ ወጥቶ መኪናው ካልሄደ ካምቢዮው እየተንሸራተተ ነው፣ የጋራዡ ሰው ልክ ነው። ዙሩ ራሱ ከ1,200፣ ከ1,300 አልወጣ ብሎ ከቆየ ግን መጀመሪያ የሚመረመረው አየርና ሞተር ነው። የእኔ ሁለተኛው ነበር። ማንም አላየውም፤ እኔም አላየሁትም ነበር።

ከፍታ ግን ሁሉንም አይመልስም። ያንኑ ዓይነት መኪና ያለው ወዳጄ ጋር ሄጄ የእሱን ነዳሁ፤ የእሱም ትዘገያለች፣ ግን የእኔን ያህል አይደለም። ስለዚህ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ሌላ ጋራዥ የሚሠራ አንድ ወጣት መካኒክ ካምቢዮውን አልነካም። ኮፈኑን ከፍቶ ከቱርቦው ወደ ኢንተርኩለር (አየሩን ወደሚያቀዘቅዘው ክፍል) የሚሄደውን የጎማ ቱቦ በእጁ ዳበሰ። ከሥሩ ዘይት የነካው ጥቁር መስመር ነበር። ቱቦውን ሲያጥፈው የጣት ያህል ስንጥቅ ተከፈተ። ሞተሩ ቆሞ ሲታይ ስንጥቁ ገጥሞ ይቀመጣል፣ ግፊት ሲመጣ ብቻ ይከፈታል። እኔ ለወራት ስሰማት የነበረችው ቀጭን ፉጨት እሷ ነበረች። አየር የሚለካውን ሴንሰርም አውጥቶ አሳየኝ፤ አቧራ ለብሷል። በሚረጭ ማጽጃ አጸዳው፣ ቱቦውን ቀየረ፣ የአየር ማጣሪያውን ጣለው። ማጣሪያውን ስናራግፈው የወጣውን አፈር ብታዩ! የቱቦው ዋጋ ከካምቢዮው ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

በመጨረሻ ካምቢዮውንም ፈተነው። ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፎ፣ ከፊት ሰው አለመኖሩን አረጋግጦ፣ ፍሬኑን ጥብቅ አድርጎ ረግጦ፣ ዲ ላይ አድርጎ ነዳጁን ወለል ድረስ ሰጠ። ከአምስት ሰከንድ አይበልጥም፣ ከዚያ በኋላ ኒውትራል ላይ ዘይቱ እስኪበርድ ይጠበቃል። ዙሩ የቆመበት ቁጥር ከመኪናው መመሪያ ጋር ይነጻጸራል። ከሚገባው በላይ ከወጣ ካምቢዮው ውስጥ ያሉት ዲስኮች ይንሸራተታሉ። በጣም ዝቅ ካለ ወይ ሞተሩ ደክሟል፣ ወይ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ መዞር የሚገባው ክፍል ተበላሽቷል። ይህ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ አይገጥምም፣ ግን ከመነሻ ብቻ ሞታ ፍጥነት ላይ ደህና የምትሆን መኪና ላይ መታሰብ አለበት። እባካችሁ ይህን ለብቻችሁ አትሞክሩት። ዘይቱን በሰከንዶች ያፈላዋል፣ ፍሬኑ ከለቀቀም ሰው ይጎዳል።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። ክፍት ሆኖ የቀረ ኢጂአር ቫልቭ (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው)፣ በጥላሸት የተያዘ የቱርቦ ክንፍ፣ የተደፈነ የናፍጣ ፊልትሮ፣ ያረጀ የካምቢዮ ዘይት። አንዳንድ ቫኖች ላይ ለበረዶ ተብሎ የተሠራ ቁልፍ አለ፤ ከተጫነ መኪናዋ በሁለተኛ ማርሽ ነው የምትነሳው። መንገዱ ለወራት በበረዶ በማይሸፈንበት አገር ማን ያስታውሰዋል? እዩት፣ ምንም አያስከፍልም። ካምቢዮው ጥፋት አግኝቶ ራሱን ሲጠብቅም አንድ ማርሽ ላይ ተቆልፎ ይቀራል፣ ያን ጊዜ አነሳሷ እጅግ ይከብዳል፤ በኮምፒውተር ማስነበብ ያስፈልጋል።

ፔዳሉ ላይ የምትሰካውን ትንሽ ሳጥን ግን ለማንም አልመክርም። የምትሠራው አንድ ነገር ነው፤ ትንሽ ስትረግጡ ብዙ እንደረገጣችሁ አድርጋ ለኮምፒውተሩ ትነግረዋለች። እኔ መገናኛ ላይ ፔዳሉን ጨርሼ ረግጬዋለሁ። የጎደለው አየር ነበር፣ አየር ደግሞ አትጨምርም።

አሁን መኪናዋ ተሽሏታል፣ ግን የአዋሽዋ አልሆነችም፣ እዚህ ከፍታ ላይ አትሆንምም። ስለዚህ አነዳዴን ቀየርኩ። ለመታጠፍ ድሮ የሚበቃኝ ክፍተት አሁን አይበቃኝም፣ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ፣ ከኋላ ቢያጮኹብኝም እጠብቃለሁ። ስነሳ ፔዳሉን በአንዴ አልረግጠውም፤ ትንሽ ቀደም ብዬ በስሱ እነካውና ዙሩ ሲነሳ እጨምራለሁ። አደባባይ ስቃረብ ሙሉ በሙሉ ከመቆም በፊት ክፍተት ከታየኝ እየተንከባለልኩ እገባለሁ፣ የምትንከባለል መኪና ለመነሳት ብዙ አትቸገርም። ዳገት ላይ ማርሹን በእጄ ዝቅተኛው ላይ አቆየዋለሁ። ሰው ሞልቶ ሽቅብ ስንወጣ ኤሲውን አጠፋለሁ።

ኢጂአሩ ገና አልተጸዳም። መካኒኩ ለቅዳሜ ቀጥሮኛል። ከዚያ እናቴን ይዤ እንጦጦ ማርያም እወጣለሁ። ከመገናኛው ቀን ጀምሮ ከፊት ወንበር ተቀምጣ አታውቅም፤ በዚህኛው ግን ከጎኔ እንደምትቀመጥ ነግራኛለች።