በጎን የተሣለ ሁሉ ከሃዲ ነበር

ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር እናቴ ቤት የቆርቆሮ ሳጥን ስበረብር የልጅነት ኮሚኬ፣ በሥዕል የሚተረክ መጽሐፌ፣ እጄ ገባ። ሽፋኑ የለም። የድሮ የጀብዱ ታሪኮች ተለቃቅመው በድጋሚ የታተሙበት ነው። እርጥበት ገጾቹን አጣብቋቸዋል፤ የስቴፕለሩ ሽቦም ዝጓል።

ቸኮልኩና ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። እንደ በርበሬ! በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ገጽ ተጨማደደ። እንዲህ ያለው ርካሽ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት ስለሚሠራ ብርሃን ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፤ ቆይቶም ይሰባበራል። ከዚያ በኋላ በየገጹ መሃል ነጭ ወረቀት እየከተትኩ፣ ከላይ መዝገበ ቃላት ጭኜ ጥላ ውስጥ አደረቅኩት። ወረቀቱን ጠዋት ማታ እየቀየርኩ አምስት ቀን ፈጀ። ሽቦውን በቢላ ጫፍ አውጥቼ በክር ሰፋሁት። ፕላስተር አልነካሁም፤ ድሮ የለጠፍኩበት ቦታ ሁሉ ሻይ የፈሰሰበት መስሏል።

ልጅ ሆኜ እንግሊዝኛ አልችልም። ከሥዕሉ ታሪክ እየፈጠርኩ ለሰፈር ልጆች እተርክ ነበር፤ ክፍያው አንድ እፍኝ ቆሎ። ስለዚህ አሁንም መጀመሪያ ጽሑፉን በቁራጭ ወረቀት ሸፍኜ የድሮ ትረካዬን ደብተር ላይ አሰፈርኩ። ከዚያ ቁራጩን ወረቀት እያነሳሁ አነበብኩ።

አንዱ ታሪክ መጀመሪያ በፈረንጆቹ 1958 አድቬንቸር ኮሚክስ በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ቁጥር 247 ላይ የወጣው ነው። ከ30ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ሦስት ወጣቶች ሱፐርቦይን፣ ማለትም ገና ልጅ የሆነውን ሱፐርማን፣ ወደ ማኅበራቸው ይወስዱታል። ሦስት ፈተና ይሰጡታል። እሱ በየመሃሉ አደጋ ሊከላከል ሲሄድ ሦስቱንም ይሸነፋል። አልተቀበልንህም ይሉታል። አንጀቱ ቁርጥ ሲል ይስቃሉ፤ ለካ ሙድ እየያዙበት ነው!

የኔ ትረካ ግን በክህደት የተሞላ ነበር። አንዱ ጓደኛ ይሆንና ሁለት ሥዕል ሳይቆይ ይከዳል። ሱፐርቦይ ራሱ ሳይቀር ይከዳል። ደብተሬን ከሥዕሉ ጋር ሳስተያይ ነው ምክንያቱ የገባኝ፤ ከዳ ያልኩት ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ጎን ያዞረ ነው።

ይሄን ያመጣሁት ጣና ሐይቅ ዳር ካለችው ከዘጌ ነው። ልጆች ሆነን በጀልባ እዚያ ወዳለው ገዳም፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ይወስዱን ነበር። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው። በላዔ ሰብ እንኳ እዚያ አለ፤ ያ ሰው በልቶ በጥርኝ ውኃ ምሕረት ያገኘው። በድሮው አሣሣል ቅዱሳን በሁለት ዓይን ያያሉ፤ ክፉዎቹ በአብዛኛው በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላሉ። እኔም አሜሪካኖቹን በዚሁ ሕግ ስፈርድባቸው ኖሬያለሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ከዋናው ይልቅ የኔው ይጥማል። ያ የቀልድ መጨረሻ አሁንም አልተዋጠልኝም።

ለእህቴ ልጅ ሁለቱንም አነበብኩላት። በማግስቱ መጽሐፉን ይዛ በረንዳ ላይ ለጎረቤት ልጆች ስትተርክ ሰማኋት። ሦስተኛ ታሪክ ነው፤ ጀልባ ሁሉ አለበት። ቆሎ ግን አትቀበልም። ቺፕስ ነው።