ከቀለሙ ሥር ዋንዛ አለ፦ አሮጌ የቤት ዕቃ አድሼ መሸጥ እንዴት እንደያዝኩ

ሰው ቤት ሲቀይር የሚተወውን ቡፌ፣ ኮመዲኖና ቁም ሳጥን እገዛለሁ። ግቢዬ ውስጥ አድሼ መልሼ እሸጣለሁ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ሥራውን የጀመርኩት ከቢሮ ሥራዬ ጎን ለጎን፣ በዕረፍት ቀኖቼ ነበር። አሁን ከደመወዜ እኩል የሚያስገባልኝ ወር ብዙ ነው። "እንዴት ጀመርሽው? ያዋጣል ወይ?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ የማውቀውን ልጻፍ።

ብዙ ሰው ይሄን ሥራ ቀለም መቀባት አድርጎ ያስበዋል። እኔ የእንጨት ንግድ ነው የምለው። ድሮ በተሠራ ዕቃ ውስጥ ያለው እንጨት ዛሬ በቀላሉ አይገኝም። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከደኖቻችን ተመናምነዋል። በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 አራቱንም ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ዛሬ ሱቅ ስትገቡ የምታዩት አዲስ ቁም ሳጥን አብዛኛው ኤምዲኤፍ ወይም ችፑድ፣ ማለትም ከእንጨት ብናኝና ፍርፋሪ በኮላ ተጨፍልቆ የተሠራ ጣውላ ነው። ውሃ ሲነካው ያብጣል። ብሎኑ አንዴ ከላላ መልሶ አይዝም። የድሮ የዋንዛ ቡፌ ግን እግሩ ተሰብሮ፣ ቀለም በቀለም ላይ ተደርቦበት እንኳ ውስጡ ጤነኛ ነው። ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው። እንጨቱን የማያውቅ ሰው ውድ ዕቃ በርካሽ ይሸጣል፣ ርካሽ ዕቃ በውድ ይገዛል።

ይሄን ያስተማሩኝ ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት አናጺ ናቸው። ከመጋዝና ከመላጊያ በፊት ያሳዩኝ ዕቃን ገልብጦ ማየት ነው። "ፊቱ ይዋሻል ልጄ፣ ጀርባውን እዪው" ይሉኛል። ስለዚህ መጀመሪያ መሳቢያውን አወጣለሁ። ሥሩን ማንም ስለማይቀባው እንጨቱ ራቁቱን የሚታየው እዚያ ነው። የመሳቢያው ጥግ በጥርስ የተጋጠመ ከሆነ የባለሙያ እጅ አርፎበታል። በምስማር ብቻ ከተመታ ግን ዋጋ ስጠራ እጠነቀቃለሁ። ዋንዛ ሲያነሱት ክብደቱ ከመልኩ ይቀላል። ወደ ቡናማ ያደላል፣ እየቆየም ይጠቁራል። ዝግባ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፣ መስመሩ በጣም ረቂቅ ስለሆነ አንዳንዴ ጭራሽ ያለ አይመስልም። ጥድ ቀላ ይላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ፈግፈግ ሲያደርጉት ሽታው ራሱ ይናገራል። ኮሶ ደግሞ ጥቁር ቀይና ጠንካራ ነው።

ከዚያ ጠርዙን አያለሁ። የላይኛው ፊት መስመር በጠርዙ በኩል ካልቀጠለ የተለጠፈ ስስ ልባስ ነው። ልባስ መሆኑ መጥፎ አይደለም፣ ብዙ ጥሩ ዕቃ እንደዚያ ተሠርቷል። ነገር ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር ሊያንስ ስለሚችል በማሽን አይፋቅም። ትንንሽ ቀዳዳዎች ካየሁ ደግሞ ዕቃውን አንኳኳለሁ። አዲስ ዱቄት ከረገፈ እንጨት የሚበላው ነፍሳት አሁንም ውስጡ አለ ማለት ነው። እንደዚያ ያለውን ቤቴ አላስገባም።

ዕቃ የማገኘው ከየትም ነው። ምናለሽ ተራ የጠፋ ማጠፊያ፣ የድሮ እጀታና ቁልፍ ለመፈለግ ወደር የለውም። ትልቅ ዕቃ ግን እዚያ እስኪደርስ ብዙ እጅ ስለሚያልፍበት ዋጋው ይንራል፣ እግሩም ይሰባበራል። በየሰፈሩ ከሚዞሩት ቆራሌዎች ጋር ወዳጅነት አለኝ። ማን ዕቃ እያወጣ እንደሆነ ከደላላ ቀድመው ያውቃሉ። ሲደውሉልኝ ኮሚሽናቸውን በዚያው ቀን በቴሌብር እልካለሁ። ካዘገየሁ ቀጣዩ ስልክ ወደ ሌላ ሰው ነው የሚደወለው፣ ትክክልም ናቸው።

ከሁሉም የሚበልጠው ምንጭ ቤት የሚለቅ ሰው ነው። ፒያሳና አካባቢው በ2016 ዓ.ም ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ኮንዶሚኒየም ገባ። የድሮ ቤት ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ ቡፌውም በዚያ ልክ ነው የተሠራው። ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ አልዞርም ይላል። አንዲት እናት ቡፌያቸውን በማገዶ ዋጋ ሊሰጡኝ ሲሉ "እማማ፣ ይሄኮ ዋንዛ ነው፣ በዚህ ዋጋ አልወስደውም" አልኳቸው። "ዋንዛ መሆኑንማ መች አጣሁት" አሉኝ። "እኔና ባለቤቴ ነን ያሠራነው። የጠፋው የሚገባበት ቤት ነው።"

ቤታቸውን ለሚለቁ ሰዎች የምከፍለው ከገበያው ከፍ ያለ ነው። አድሼ በስንት ልሸጠው እንዳሰብኩም በግልጽ እነግራቸዋለሁ። ሰው ሲቸኩልና ሲጨንቀው አይቶ ዋጋ መስበር ነውር ነው። በዚያ ላይ ንግዴን በእግሩ ያቆመው ይሄው ነው። እኚያ እናት ስልኬን ለጎረቤቶቻቸው ሁሉ ሰጡ። አሁን ያለኝ ጥሩ ጥሩ ዕቃ አብዛኛው የመጣው በእንደዚህ ዓይነት መንገድ ነው።

ወደ ሥራው ልግባ። የሚጀምረው በማጠብ ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና፣ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ። የዘመናት ጭስና ቅባት ሲለቅ ብዙው ዕቃ መፋቅ እንደማያስፈልገው ታያላችሁ። ቀጥሎ ላዩ የተቀባው ምን እንደሆነ አጣራለሁ። በማይታይ ቦታ ጥጥ በስፕሪት ነክሬ አስነካለሁ። ከለሰለሰ በስፕሪት የሚሟሟው የድሮ ፖሊሽ ነው። ይሄ ትልቅ ዕድል ነው፣ ምክንያቱም ሳይፋቅ በዚያው በስፕሪት ተስተካክሎ በላዩ እንደገና ይሠራበታል። ስፕሪት ካልነካው ቲነር እሞክራለሁ። ቲነር ካሟሟው ላከር የሚባለው ቅብ ነው። ሁለቱም ካላሟሙት ቫርኒሽ ወይም የዘይት ቀለም ስለሆነ መፋቁ ግድ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ነገር ስለሆነ። የድሮ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖር ይችላል። አገራችን በቀለም ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ በደንብ የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። አቧራው በተለይ የትንንሽ ልጆችን አእምሮ ይጎዳል፣ የተጎዳውም አይመለስም። በየግቢው ሰዎች የድሮ ቀለም በደረቁ ሲፍቁ፣ ልጆች እዚያው አቧራው ላይ ሲጫወቱ አያለሁ። እባካችሁ አታድርጉት። እኔ የምፍቀው ውሃ በሚችል ብርጭቆ ወረቀት፣ እያረጠብኩ ነው። ከቤት ውጭ፣ ከሥር ላስቲክ አንጥፌ፣ ማስክ አድርጌ። ልጆቼ በዚያ ሰዓት አጠገቤ አይደርሱም። የሥራ ልብሴን ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አላጥብም። ዕቃው የድሮ ቀለም ያለበት የሕፃን አልጋ ከሆነ ጭራሽ አልገዛውም።

የሚወዛወዝ ወንበር ሲያገኝ ብዙ ሰው ምስማር ይመታበታል። ምስማር ለጊዜው ያቆመዋል፣ በኋላ ግን መገጣጠሚያውን ይሰነጥቀዋል። የድሮ ኮላ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚሠራ ስለነበር በሙቅ ውሃ ይለቃል። መገጣጠሚያውን ፈትቼ፣ የድሮውን ኮላ ሙልጭ አድርጌ አጸዳለሁ፣ ነጭ ኮላ በእሱ ላይ አይዝማ። ከዚያ አዲስ ኮላ ቀብቼ ጥብቅ አድርጌ አስረዋለሁ። ኮላው እስኪደርቅ አጥብቆ የሚይዘው ሞርሳ ውድ ነው። የብስክሌት ከመነዳሪ በረጅሙ ቆርጦ መጠምጠም ለወንበር እግር ከበቂ በላይ ነው። እስከ ማግስቱ አይነካም።

ለመፋቅ ከ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እጀምርና በ180 አልፌ በ220 እጨርሳለሁ። ሁልጊዜ የእንጨቱን መስመር ተከትዬ ነው። መስመሩን አቋርጦ የተፋቀ እንጨት ቫርኒሽ ሲነካው ጭረቱ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ማሳረጊያው ላይ የምወደው የተልባ ዘይትና የንብ ሰም ነው። ሁለቱም እዚሁ አገራችን ሞልተዋል። ጥሬ የተልባ ዘይት ግን ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። ስስ አድርጎ መቀባት፣ ትርፉን መጥረግና ቀናት መታገሥ ይጠይቃል። ጨርቁን ተጠንቀቁ። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። እኔ ውጭ ዘርግቼ አደርቀዋለሁ፣ ካልሆነም ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ። ለምግብ ጠረጴዛ ሰም አይበቃም፣ ትኩስ ብርጭቆ ምልክት ይጥልበታል። እዚያ ላይ ቫርኒሽ ነው።

የአዲስ አበባን ወቅት ሳያውቁ ይሄን ሥራ መያዝ ይከብዳል። ሐምሌና ነሐሴ እርጥበቱ ከፍተኛ ነው። ቫርኒሽ ቶሎ አይደርቅም፣ ላከር ደግሞ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ያወጣል። በክረምት ስለዚህ መፍታት፣ መጠገንና ማጣበቅ ነው የምሠራው። ቅቡ ለመስከረም ማብቂያ ይቆያል። ከኅዳር በኋላ አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ይሟሽሻል። በክረምት ልኩ የነበረ መሳቢያ በበጋ ይላላል። ስለዚህ በክረምት ጠበቅ ያለን መሳቢያ ቸኩዬ በመላጊያ አልነካውም። ገበያው በበኩሉ ከበዓላት በፊትና በሠርግ ወቅት ይሟሟቃል። ለጥር ሠርግ የሚሆነው ዕቃ በኅዳር ዝግጁ መሆን አለበት።

ደንበኞች ነጭ ቀለም ይወዳሉ። "ነጭ አድርጊልኝ፣ ሳሎኔ ብርሃን እንዲያገኝ" ይላሉ። ኮምፔርሳቶ ወይም ጥገና የበዛበት ዕቃ ከሆነ ደስ ብሎኝ ነጭ እቀባዋለሁ። ዋንዛን ግን አልቀባም። ገዢ ሄዶብኝም ያውቃል፣ ይሂድ። ያንን እንጨት ያበቀለው ዛፍ ተተክቶ ለመጋዝ እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አስባለሁና እጄ አይታዘዝልኝም። የቡፌ ትልቅነት ለሚያስቸግራቸው ግን መፍትሔ አለ። ብዙ ጊዜ መስታወት ያለው የላይኛው ክፍል ከታችኛው በብሎን ነው የተያያዘው። ሲለያዩ የታችኛው ጥሩ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ይሆናል። የላይኛው ለብቻው የመጽሐፍ መደርደሪያ ሆኖ ይሸጣል። ምንም አልተቆረጠም፣ የወደፊት ባለቤት ከፈለገ መልሶ ይገጥመዋል።

ስለ ገንዘብ አንድ ምሳሌ ልስጥ። በቅርቡ አንድ ባለ ሦስት መሳቢያ የዝግባ ሳጥን በ5,000 ብር ገዛሁ። ለዳማስና ለተሸካሚ 1,500 ብር ወጣ። ብርጭቆ ወረቀት፣ ኮላ፣ ሰምና እጀታ 1,900 ብር። እግሩን ለሠሩልኝ አናጺ 1,200 ብር። በ17,000 ብር ተሸጠ። 7,400 ብር ተረፈኝ ማለት ነው። ይሄ ግን የእኔን የምሽት ሰዓቶች ሳይጨምር ነው። ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት የምጠይቀው "ስንት ምሽት ይወስድብኛል?" የሚለውን ነው። ሙሉ በሙሉ መፋቅ ያለበት፣ ብዙ ቅርጽ የተቀረጸበት ወንበር ምንም ቢያምር አያዋጣም። መታጠብና ሰም ብቻ የሚፈልግ ሳጥን ነው ቤት የሚያቆመው።

የምሸጠው በቴሌግራም ቻናልና በቲክቶክ ነው። ፎቶውን በጠዋት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ አነሳለሁ። ጉድለቱንም አሳያለሁ፣ ስንጥቅ ካለ ስንጥቁን አቅርቤ አነሳዋለሁ። ቁመት፣ ስፋትና ጥልቀት ሁልጊዜ እጽፋለሁ። ገዢው የበሩንና የደረጃውን መዞሪያ ለክቶ እንዲልክልኝ ሳላደርግ ዕቃ አልጭንም። አራተኛ ፎቅ ድረስ በትከሻ ወጥቶ በር ላይ የቀረ ቁም ሳጥን ለተሸካሚውም ለገዢውም መከራ ነው። ካፌ ያላቸው ሰዎች ጥሩ ደንበኞች ናቸው፣ ነገር ግን ደረሰኝ ይፈልጋሉ። ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያወጣሁት በእነሱ ምክንያት ነው፣ ጠቅሞኛልም።

ከውጭ የሚመጡ ወገኖቻችንም ይገዛሉ። በተለይ የጅማ በርጩማና የድሮ የተቀረጸ ወንበር ይወዳሉ። እንዲህ ያለውን ዕቃ አልፍቅም፣ አቧራውን ብቻ ነው የማነሳው። በእጅ ብዛት የመጣው ወዙ ከሄደ ዋጋውም ታሪኩም ይሄዳል። ይዘውት ሊወጡ ሲሉም ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲያወጡ ቀድሜ እነግራቸዋለሁ፣ አለዚያ ኤርፖርት ላይ ይያዝባቸዋል። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ የሚመስል ነገር ይዞ የመጣ ሰው ካለ ከየት እንዳመጣው እጠይቃለሁ፣ አልገዛምም።

መጀመር የምትፈልጉ ከኮመዲኖ ጀምሩ። ሁለት ሰው ሳያስፈልግ ይነሳል፣ በረንዳ ላይ ይሠራል፣ ገዢም አያጣም። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ አንድ መሮ፣ ነጭ ኮላና የተለያየ ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ለመጀመሪያው ይበቃል። የኤሌክትሪክ መፋቂያ ማሽን ለመግዛት አትቸኩሉ። እጃችሁ ልባሱን ከድፍን እንጨቱ መለየት ሲጀምር ያን ጊዜ ትገዙታላችሁ።