አዳማ ላይ አንድ የድሮ ሲኒማ ቤት ቴአትር ቤት ሊሆን ነው

ከተሞቻችን አዳራሽ አልጎደላቸውም፣ የጎደላቸው ቴአትር ቤት ነው። በዚህ ነገር ከጓደኞቼ ጋ ብዙ ተከራክሬያለሁ፣ አዳራሽ ካለ እዛው ይሰራ ምን ችግር አለው ይሉኛል፣ ችግሩን ደሞ በወሬ ማስረዳት ከባድ ነው፣ ሰው ሁለቱም ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሎ ካላየው አይገባውም። አዳማ የሄድኩትም ለዚሁ ነው። አሮጌው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ ሲኒማ ቤት አለ፣ የሰፈሩ ወጣቶችና ጥቂት ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው እየጠገኑት ነው፣ ለቴአትር ለሙዚቃ ለሰርከስ ለልጆች ስዕል ለሁሉም የሚሆን ቤት ሊያደርጉት ነው ተባልኩና ቅዳሜ በጠዋት ተነሳሁ።

ከቃሊቲ መናኸሪያ ሚኒባስ ይዤ በፈጣን መንገዱ ነው የሄድኩት። መንገዱ መስከረም 2007 ሲመረቅ ምን ያህል ደስ እንዳለን አስታውሳለሁ፣ ከዛ በፊት በቢሾፍቱ በሞጆ አድርገን ከጅቡቲ ከባድ መኪና ጋ ስንጋፋ ነበር የምንደርሰው፣ አሁን 85 ኪሎ ሜትር ምናምን ነው፣ እንቅልፍ ሳይወስድህ ትደርሳለህ። ግን ይሄ መቅረብ አዳማን የጎዳበት ነገርም አለ። ቴአትር ማየት የፈለገ አዲስ አበባ ይሂድ የሚለው አስተሳሰብ ከዚህ ነው የመጣው። ሀገር ፍቅር በ1927 የተመሰረተው አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ በ1948 የተመረቀው አዲስ አበባ፣ ራስ ቴአትር ማዘጋጃ ቤት ሁሉም እዛው። አንድ የአዳማ ተማሪ ትርዒት ማታ ሲያልቅ በምን ይመለሳል? ማደሪያውንስ ማን ይከፍልለታል? እና ልጁ አንድም ቀን መድረክ ላይ የቆመ ሰው በአካል ሳያይ ያድጋል ማለት ነው፣ ይሄ እኔን በጣም ያመኛል።

ወደ ከተማዋ ስትቃረብ ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ተሰልፈው ታያቸዋለህ፣ እዚህ የተተከሉት ነፋሱ ስላለ ነው፣ ያው ነፋስ ታች ከተማው ውስጥ ደሞ አቧራ ይዞ ነው የሚዞረው። ሲኒማ ቤቱ ጋ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ሁለት ልጆች በእርጥብ ጨርቅ ወንበር ሲወለውሉ ነው፣ ትላንትና ወልውለውት ነበር አሉኝ።

ቤቱ ከውጪ ብዙም አይታይም። ፊቱ የድንጋይ ግንብ ነው፣ ከላይ የስሙ ፊደሎች የተነቀሉበት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል፣ የትኬት መስኮቷ በብሎኬት ተደፍና ነበር አሁን ከፍተዋታል፣ ጠባብ ናት እጅ ብቻ ነው የምታሳልፈው። ውስጥ ስትገባ ግን ወለሉ ቁልቁል ይወስድሃል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ወለል ላይ ነው። ከበሩ ወደ መድረኩ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ስለዚህ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ብትቀመጥ ከፊትህ ያለው ሰው ጭንቅላት አይጋርድህም። የስብሰባ አዳራሽ እኮ ወለሉ ዝርግ ነው፣ ሴራሚክ ነው፣ ግድግዳው ጂብሰም ነው፣ ድምፅ ይንጫጫል፣ ያለ ማይክ አንድ አረፍተ ነገር አይሰማም፣ መድረኩ ደሞ ለክብር እንግዶች ጠረጴዛ ነው የተሰራው፣ ተዋናይ በየት ገብቶ በየት ይውጣ? ልብሱን የት ይቀይር? እዚህ ግን የቤቱ አቀማመጥ ራሱ ለማየትና ለመስማት የታሰበ ነው።

የቡድኑ አዘጋጅ የሆነችው ልጅ፣ ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ትሆናለች፣ ክርክሬን ስነግራት ምንም ሳትመልስልኝ "ጋሼ እስቲ እላይ መጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጡ" አለችኝ። ወጥቼ ተቀመጥኩ። እሷ መድረኩ ላይ ቆማ ድምጿን ሳታነሳ፣ ጎኗ ላለ ሰው እንደምታወራ፣ ከሚለማመዱት ቴአትር ትንሽ ተናገረች፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በአፋን ኦሮሞ፣ ቃል በቃል ሰማኋት፣ ትንፋሿን ስትስብ ራሱ ይሰማል። ቴአትሩ በሁለቱም ቋንቋ ነው የሚሰራው፣ እናትየዋ በአንዱ ታወራለች ልጅየው በሌላው ይመልስላታል፣ አዳማ ቤት ውስጥ እንደዚሁ አይደል የሚወራው።

የቤቱን ታሪክ የነገሩኝ የድሮው ኦፕሬተር፣ የፊልም ማሽኑን ያንቀሳቅሱ የነበሩት ሰውዬ ናቸው፣ ልጆቹ ሁሉ አባባ ነው የሚሏቸው። በልጅነታቸው በር ላይ ኦቾሎኒ ሲሸጡ ቆይተው ማሽን ክፍል ገቡ። ክፍሏን አሳዩኝ፣ በጠባብ የብረት መሰላል ነው የሚወጣው፣ ግድግዳዋ ወፍራም ነው፣ ወደ አዳራሹ ሁለት ትንንሽ መስኮቶች አሏት፣ እያንዳንዱ መስኮት ላይ ደሞ ከላይ ወደ ታች የሚወድቅ የብረት መዝጊያ አለ። የድሮ ፊልም በቀላሉ ይቀጣጠል ስለነበር እሳት ከተነሳ መዝጊያው ይለቀቅና እሳቱ ማሽን ክፍል ውስጥ ይቀራል ሕዝቡ ጋ አይደርስም። መብራቱ አምፖል አልነበረም፣ ሁለት የካርቦን ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ ተጠጋግተው በመሀላቸው ኤሌክትሪኩ ሲዘል የሚፈጠር ብርሃን ነው፣ ዘንጎቹ እየነደዱ ያጥራሉ፣ ኦፕሬተሩ በእጁ ማስጠጋት አለበት፣ ረስቶ ወሬ ከያዘ ስክሪኑ ይጨልማል ሕዝቡ ያፏጫል። አንዱ ጥቅል ሃያ ደቂቃ እንኳን ላይቆይ ይችላል፣ ስለዚህ ሁለተኛው ማሽን ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀይሩ ማንም እንዳያውቅ ማድረግ የሙያው ክብር ነበር። አባባ ይሄን ሲያወሩ እጃቸው ራሱ ይንቀሳቀሳል፣ አሁን የሌለውን እጀታ ያዞራሉ። ማሽኖቹ የሉም፣ የጭስ መውጫ ቱቦው ብቻ ጣራው ላይ ቀርቷል።

ከዛ 1967 መጣ። ሐምሌ ላይ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ ሲኒማ ቤቱም ከባለቤቱ ወጣ። ቀበሌ ተረከበው፣ ፊልሙም አልፎ አልፎ ቀጠለ፣ የቀበሌው ኪነት ቡድን ልምምድ የሚያደርገውም እዚሁ ነበር፣ ብዙ የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች መጀመሪያ መድረክ ላይ የቆሙት ያኔ ነው። ቀጥሎ ቪዲዮ ቤት በየመንደሩ ሲከፈት ተመልካቹ ሄደ፣ ቤቱ የስብሰባ ሆነ፣ በመጨረሻ የማዳበሪያ መጋዘን።

ማዳበሪያው ቤቱን ከዝናብ በላይ ነው የጎዳው። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። ጆንያው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ዓመታት ሲቀመጥ ጨውነቱ ወደ ድንጋዩና ወደ ልስኑ ይገባል፣ እርጥበት በመጣ ቁጥር ይሟሟል፣ ሲደርቅ ደሞ ነጭ ዱቄት ሆኖ ወደ ውጪ ይወጣል፣ ሲወጣ ልስኑን እየገፋ ያረግፈዋል። ቀለም ብትቀባው በወሩ ይላጣል። ከዚህ በፊት አንድ ኮንትራክተር መጥቶ የታችኛውን ግድግዳ በሲሚንቶ ለስኖት ነበር፣ ሲሚንቶው እርጥበቱን አፈነው፣ መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ወጣና ሲሚንቶው እንዳለ በሰሌዳ በሰሌዳ ወደቀ። አሁን የሚሰሩት አንድ አዛውንት ግንበኛ ናቸው፣ ሲሚንቶውን ሙሉ አስነሱት፣ እርጥብ የሸክላ አፈር በወፍራሙ ግድግዳው ላይ ያስለጥፋሉ፣ አፈሩ ሲደርቅ ጨውን ወደ ራሱ ይስባል፣ ይፋቅና ይጣላል፣ እንደገና ይለጠፋል። አንዱን ቁራጭ አንስተው ምላሴ ላይ እንዳደርገው ሰጡኝ፣ ያቃጥላል። ነጩ ዱቄት መውጣት ሲያቆም ብቻ ነው በኖራ የሚለስኑት፣ ኖራውም በውሃ ተዘፍዝፎ በርሜል ውስጥ ሳምንታት መቆየት አለበት፣ ቸኩለህ ከለሰንክበት ይሰነጠቃል። ስራው ዘገምተኛ ነው፣ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ደሞ ቶሎ የሚታይ ነገር ነው የሚፈልገው፣ ፎቶ የሚነሳ ነገር። ያንን ግንበኛ ማንም መጥቶ ፎቶ አያነሳቸውም፣ ቤቱን ያቆሙት ግን እሳቸው ናቸው ብል አላጋነንኩም።

ሌላው ጎርፍ ነው። አዳማ ዙሪያዋን ከፍታ ነው፣ ክረምት ላይ ውሃው ተሰብስቦ ወደ ከተማው ነው የሚወርደው፣ እና ያ የምወደው ቁልቁል ወለል እዚህ ጋ ጣጣ አመጣ፣ የቤቱ ዝቅተኛ ቦታ መድረኩ ስር ስለሆነ ውሃ ከበሩ ከገባ እዛ ነው የሚጠራቀመው፣ የመድረኩን እንጨት ምስጥና እርጥበት ተባብረው ጨርሰውታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ብር የወጣው በር ላይ በተቆፈረ ቦይና በጣራው አሸንዳ ነው። ስፒከር ቀድሞ ይገዛ ያሉ ነበሩ፣ ከባድ ጭቅጭቅ ነበር አሉኝ፣ አዘጋጇ ናት ያሸነፈችው። እኔም ከሷ ጋ ነኝ፣ ጣራና ቦይ ሳይሰራ የተገዛ ስፒከር ሐምሌ ላይ ውሃ ውስጥ ነው የምታገኘው።

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ያለው ድምፅ ግን እስካሁን መላ አልተገኘለትም። ኮርኒስ ድርብ ይደረግ የሚል ሐሳብ አለ፣ ውድ ነው። ለጊዜው ክረምቱን ለልምምድና ለልጆች ስልጠና አድርገውታል፣ ትርዒት ከመስከረም በኋላ ብቻ። ሙቀቱን ግን ፈትተውታል፣ ደስ የሚለው ደሞ ምንም ሳይገዙ ነው፣ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ የአየር መውጫ ቀዳዳዎች ነበሩ፣ መጋዘን ሲሆን ሌባ እንዳይገባ ተብሎ ተደፍነው፣ አባባ ናቸው እዚህ ጋ ነበሩ ብለው አንድ በአንድ በዱላ እየመቱ ያሳዩዋቸው። ሲከፈቱ ያ የአዳማ ነፋስ ሰተት ብሎ ገባ። አሁን ለአቧራው ወንፊት ሽቦ እየገጠሙበት ነው።

መድረኩ ለፊልም ስለተሰራ ጠባብ ነበር፣ ስክሪን ብቻ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ የፊት ወንበሮችን አንስተው ወደ ተመልካቹ አስረዘሙት፣ ከጀርባ ያለችውን ዕቃ ቤት የልብስ መቀየሪያ አደረጓት፣ ለሰርከስ ልጆቹ ገመድ የሚሸከም ብረት ጣራው ስር ሊታሰር ነው፣ ጣራው ራሱ ይሸከም አይሸከም ኢንጂነር ሳያየው ግን አንነካም ብለዋል፣ ጥሩ አደረጉ።

ትልቁ ፈተና ወረቀት ነው። ካርታው በማን ስም ነው፣ ኪራዩ ለስንት ዓመት ነው፣ ነገ ቦታው ለሌላ ይፈለጋል ቢባል ልጆቹ ምን ይዘው ይከራከራሉ? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፣ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ማደስ በፈቃድ ነው ማፍረስም በዘፈቀደ አይሆንም፣ ግን መጀመሪያ መመዝገብ አለበት፣ ለመመዝገብ ደሞ ፎቶ ፕላን የድሮ ሰነድ ይጠየቃል። ከሄዱበት አንድ ቢሮ ይሄ አሮጌ ቤት ምኑ ቅርስ ነው፣ ቤተ መንግስት አይደል ቤተ ክርስቲያን አይደል ተብለው ተመልሰዋል። በጣም ተናደድኩ። ብሔራዊ ቴአትር ራሱ እኮ ጣልያን ሲኒማ ብሎ ጀምሮ ጥሎት የሄደ ግንባታ ነው፣ በኋላ ተጠናቆ ነው የሀገር መድረክ የሆነው። የባቡር ሰራተኛው፣ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሰራተኛው ደሞዝ ሲቀበል የሚመጣበት ቤት፣ ናዝሬት ስትባል የነበረችውን ከተማ ሰው ሁሉ ያሰባሰበ ቤት ቅርስ ካልሆነ ምን ቅርስ ይሆናል?

ገንዘቡ ከየት ነው ብዬ ጠየቅኩ። እሁድ እሁድ ለሰርግና ለምርቃት ያከራያሉ፣ የዕድሩ ስብሰባ በነፃ ነው፣ ዕድሩ ደሞ በምትኩ ወንበርና ድንኳን ያውሳቸዋል፣ በር ላይ ቡና የሚያፈሉት አዴ ከሽያጫቸው ለቦይው አዋጥተዋል። ሰርጉን የማይወዱት አሉ፣ ቤቱ የጥበብ ነው ዲጄ ምን ያደርጋል ይላሉ። እኔ አልስማማም፣ እዚህ ያገባ ሰው ቤቱ ሲነካ ዝም አይልም። ማስጠንቀቅ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የልምምድ ሰዓት ለኪራይ መሸጥ የለበትም፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ የልጆቹ ነው ተብሎ ደንብ ላይ ይጻፍ፣ አለበለዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ አዳራሽ ነው የሚሆነው። ይሄንን ነግሬያቸው አዘጋጇ ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች።

ለመሄድ ለምታስቡ፣ ባጃጅ ይዛችሁ አሮጌው ባቡር ጣቢያ በሉት፣ አዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው እንዳይወስዳችሁ፣ ከዛ የድሮውን ሲኒማ ጠይቁ ሁሉም ያሳያችኋል። ቅዳሜ ከሰዓት ክፍት ነው። የሚፈልጉት ነገር ካላችሁ ደሞ፣ ቤተሰባችሁ ቤት የዛ ሲኒማ ቤት የድሮ ፎቶ፣ ትኬት፣ ፖስተር፣ ማንኛውም ወረቀት ካለ ኮፒውን ስጧቸው፣ ለምዝገባው ማስረጃ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚችል ሰውም አጥብቀው ይፈልጋሉ፣ የመድረክ መብራት ከማስገባታቸው በፊት የድሮው ገመድ ሙሉ መነቀል አለበት፣ እኔም የማውቀው አንድ ባለሙያ አለ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዤው እሄዳለሁ።