የድሮ የብራውዘር ጨዋታዎችን ያለ ኢንተርኔት ማስነሣት፦ የሞከርኩትና የተማርኩት

በብራውዘር እንጫወታቸው የነበሩት የድሮ ጨዋታዎች አብዛኞቹ የተሠሩት በፍላሽ ነበር። ፍላሽ ስል ፋይል ይዘን የምንዞርበትን ትንሽ ዕቃ ሳይሆን፣ ብራውዘር ላይ እየተጫነ ተንቀሳቃሽ ሥዕል፣ ድምፅና ጨዋታ ያሳይ የነበረውን ሶፍትዌር ማለቴ ነው። የፍላሽ ባለቤት የሆነው አዶቤ ኩባንያ ለዚህ ማጫወቻ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ያቆመ ሲሆን፣ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮ ደግሞ ማጫወቻው ራሱ በብራውዘር ውስጥ የፍላሽ ይዘት እንዳይከፍት ተደረገ። እኔ ነገሩ ብዙም አላሳሰበኝም ነበር፤ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ አምስት የምወዳቸው ጨዋታዎች ፋይል ስለነበረኝ፣ በፈለግኩ ጊዜ አውጥቼ የምጫወት መስሎኝ ነበር።

ፋይሎቹን ለመክፈት የመረጥኩት ሩፍል የተባለውን ነፃ ኢሙሌተር፣ ማለትም የሌላ ፕሮግራምን ሥራ አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ሩፍል የፍላሽ ማጫወቻን ሥራ ረስት በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ከመሠረቱ እንደ አዲስ የሚሠራ ስለሆነ የአዶቤን ፕሮግራም አይፈልግም፤ ጥገና የተቋረጠበትን የድሮ ማጫወቻ ምንጩ ካልታወቀ ድረ ገጽ አውርዶ ኮምፒውተርን ለቫይረስ ከማጋለጥም ያድናል። የዴስክቶፕ ቅጂውን ጭኜ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ስከፍት ሁለቱ ወዲያው ሠሩ። ሦስተኛው መጫኛው መስመር ላይ ደርቆ ቀረ፤ አራተኛው ጨዋታውን በመጀመሪያው ድረ ገጽ ላይ ብቻ መጫወት እንደሚቻል የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ፤ አምስተኛው ተከፈተ፣ ነገር ግን ሥዕሎቹ ተዘበራርቀው አዝራሮቹም አልታዘዝ አሉ።

የሦስተኛውን ምክንያት ለማግኘት አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀብኝ፤ መልሱ ግን ከመጀመሪያው ፊት ለፊቴ ነበር። ፋይሉ መቶ ኪሎባይት እንኳ አይሞላም፤ ሙዚቃና በርካታ ደረጃዎች ያሉት ጨዋታ በዚህ መጠን ሊገባ እንደማይችል መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ያስቀመጥኩት በሩን ብቻ ነበር፤ ደረጃዎቹና ድምፁ በሌሎች ፋይሎች ተከፋፍለው በድረ ገጹ ላይ ይኖሩ ስለነበር፣ ጨዋታው ሲከፈት ከዚያ እየጠራ ያመጣቸው ነበር። የጎደሉትን ለማወቅ ፋይሉን ፎልደር ውስጥ አስገብቼ፣ ፓይተን ከተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጋር የሚመጣውን ቀላል ሰርቨር (ፋይሎችን እንደ ድረ ገጽ ለብራውዘር የሚያቀርብ ፕሮግራም) በኮምፒውተሬ ላይ በፖርት 8000 (ፖርት ማለት ሰርቨሩ ጥያቄ የሚቀበልበት የበር ቁጥር ነው) አስነሣሁና፣ ጨዋታውን ሩፍል በተጫነበት ብራውዘር ከፈትኩት። ከዚያም በብራውዘሩ የገንቢዎች መሣሪያ ውስጥ የኔትወርኩን ክፍል ስመለከት፣ ጨዋታው የጠየቃቸውና ያጣቸው ፋይሎች ስማቸው በቀይ ተደርድሮ አገኘሁት። ሰባት ነበሩ፤ ስድስቱ የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ በሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሺን በተባለ ማኅደር ላይ ተቀምጠው ስላገኘኋቸው፣ በድረ ገጹ ላይ በነበሩበት የፎልደር አቀማመጥ መለስኳቸው። ሰባተኛው የማስታወቂያ ፋይል ስለነበር መጥፋቱ አላስቆጨኝም።

አራተኛው ጨዋታ ያወጣው ጽሑፍ ብልሽት አልነበረም። በዚያ ዘመን ጨዋታ ሠሪዎች ሥራቸውን ለድረ ገጾች በፈቃድ ይሸጡ ስለነበር፣ ፋይሉ ተሰርቆ ሌላ ቦታ እንዳይለጠፍ ጨዋታው ገና ሲነሣ የተከፈተበትን አድራሻ እንዲያጣራ አድርገው ይጽፉት ነበር። ኮዱን ፈትቶ ይህን ማጣሪያ ማውጣት ይቻላል፤ እኔ ግን የሰው ሥራ ውስጥ ገብቼ ከመነካካት ይልቅ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ተጀመረው ፍላሽፖይንት ሄድኩ። ይህ የማኅደር ፕሮጀክት በኮምፒውተሩ ውስጥ በሚያስነሣው ሰርቨር አማካይነት የቀድሞውን ድረ ገጽ አድራሻ ወክሎ ስለሚመልስ፣ ጨዋታው በገዛ ቤቱ ያለ ይመስለዋል። አምስተኛውም በዚሁ ተፈታ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ከፍላሽ ማጫወቻ 9 ጋር በመጣው አክሽንስክሪፕት 3 በተባለ የፍላሽ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን፣ እኔ በሞከርኩት የሩፍል ቅጂ በትክክል ያልሄደው በፍላሽፖይንት ውስጥ በዋናው የአዶቤ ማጫወቻ ሲከፈት ያለ ችግር ሠራ።

ፍላሽፖይንት ሁሉንም በአንድ ላይ የያዘና ከአንድ ቴራባይት በላይ ቦታ የሚፈልግ ቅጂ አለው፤ እኔ የወሰድኩት ኢንፊኒቲ የተባለውን፣ ጨዋታን ሲያስነሡት ብቻ የሚያወርደውን ነው። እዚህ ላይ ተሞኘሁ። ኢንተርኔት የማላገኝበት ሳምንት ከመድረሱ በፊት ሃያ ያህል ጨዋታዎችን መርጬ በዝርዝር ካስቀመጥኩ በኋላ፣ ጊዜው ሲደርስ አንዳቸውም አልነሣ አሉ፤ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ማውረድ አልነበረምና። አሁን እያንዳንዱን ኢንተርኔት ሳለ አስነሥቼ፣ ግንኙነቱን ቆርጬ እንደገና ሳልከፍት ተቀምጧል አልልም።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የተቀመጠ ውጤቴ መጥፋቱ ነው። አንድ ቀን ፖርት 8000 በሌላ ፕሮግራም ስለተያዘ ሰርቨሩን በ8080 አስነሣሁት፤ ሃያ ሁለት ደረጃ ያለፍኩበት ጨዋታ ከአንድ ጀመረ። በብራውዘር ውስጥ ሩፍል ውጤትን የሚያስቀምጠው በብራውዘሩ ማከማቻ ሲሆን፣ ብራውዘሩ ደግሞ የፖርት ቁጥሩ የተለየን አድራሻ እንደ ሌላ ድረ ገጽ ይቆጥረዋል። ወደ 8000 ስመለስ ሃያ ሁለቱም ደረጃዎች እንደነበሩ ጠበቁኝ። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ጨዋታ ፎልደር ውስጥ የቀድሞ አድራሻውን፣ የሚከፈትበትን ፕሮግራምና የፖርት ቁጥሩን የያዘ አጭር የጽሑፍ ፋይል አስቀምጣለሁ።