11.8 ላይ የተቸነከረው ባክአፕ

ዓርብ ጠዋት ስልኬ ሲጠራ ማን እንደሆነ ሳላይ አውቃለሁ። የፋይናንስ ኃላፊያችን ናቸው። «ልጄ፣ አንዲት ኤክሴል ልክፈት ብዬ ቁጭ ካልኩ ቡናው ከአቦል ተነስቶ በረካ ደረሰ እኮ» ይሉኛል። እኔም «ትንሽ ይታገሱኝ፣ እያየሁት ነው» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ምን እንደማይ አላውቅም ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ብቻቸውን የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር፣ ፕሪንተርና ስልክ ለሚጠብቁ ልጆች ነው። እኔን ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። እናንተ በአንድ ከሰዓት በኋላ ልትጨርሱት ትችላላችሁ፤ የተሳሳትኩትንም አብሬ የምነግራችሁ ለዚያ ነው።

አቀማመጡ እንዲህ ነው። ሰርቨሩ 4ኛ ፎቅ ነው። ባክአፑ፣ ማለትም የፋይሎቹ መጠባበቂያ ቅጂ፣ የሚቀመጥበት ናስ (በኔትወርክ የሚሠራ የዲስክ ሳጥን) ምድር ቤት፣ ከመዝገብ ቤቱ ጎን ነው። እሳት ቢነሳ ሁለቱ አብረው እንዳይቃጠሉ ያሰበ ሰው ነው ያራራቃቸው፤ እግዜር ይስጠው። መሃል ላይ ሁለት ስዊች (የኔትወርክ ኬብሎችን የሚያገናኝ ሳጥን) አለ፣ አንዱ ላይ አንዱ ታች። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በደረጃው ጎን የወረደ አንድ ኬብል ነው። የሁሉም ፍጥነት በሰከንድ አንድ ጊጋቢት ነው። ቢያንስ ካርቶናቸው እንደዚያ ይላል።

በሳምንት አንዴ ሙሉ ባክአፕ እንወስዳለን፣ 2.6 ቴራባይት ገደማ። ሎጉን፣ የሥራውን መዝገብ፣ ስከፍት 61 ሰዓት እንደሚፈጅ አየሁ። ከሁለት ቀን ተኩል በላይ!

መጀመሪያ ያገኘሁት ጥፋት ግን ከኔትወርክ ጋር ምንም አይገናኝም። ያጠፋሁትም እኔው ነኝ። ጆቡ (ባክአፑን በቀጠሮ የሚያስጀምረው ትእዛዝ) ዓርብ ማታ 2 ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ እንዲጀምር ፈልጌ 2:00 ብዬ ሞልቼዋለሁ። ሰርቨሩ የእኛን ሰዓት ከየት ያውቃል? ለእሱ ዓርብ 2:00 ማለት በእኛ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ስለዚህ ባክአፑ በዚያ ሌሊት ይጀምርና ዓርብን ሙሉ ቀን ከሠራተኛው ጋር ሲጋፋ ይውላል። 20:00 ብዬ አስተካከልኩት። እንዲህ ዓይነቱን ስህተት የሠራሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ እርግጠኛ ነኝ፤ ዛሬውኑ የእናንተን ጆብ ከፍታችሁ እዩት።

በሚቀጥለው ዓርብ ስልክ አልተጠራም። ደስ አለኝ። ሰኞ ጠዋት ተጠራ። 61 ሰዓት ከዓርብ ማታ 2 ሰዓት ሲቆጠር ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው የሚያርፈው። ችግሩን ከዓርብ ወደ ሰኞ አዛወርኩት እንጂ አልነካሁትም።

ከዚያ ያበላሸሁትን ልናዘዝ። ኢንተርኔት ላይ ትንሽ ሳነብ «ጃምቦ ፍሬም» የሚባል ነገር አገኘሁ። በተለመደው ኔትወርክ አንድ ፓኬት (ዳታው ተቆራርጦ የሚላክበት እሽግ) የሚሸከመው እስከ 1500 ባይት ነው። ጃምቦ ሲሆን 9000 ይሸከማል። በትንሽ ከረጢት ከመመላለስ በትልቅ ጆንያ መጫን እንደማለት። ሰርቨሩንም ናሱንም ወደ 9000 ቀየርኳቸው። መሃል ያለው የታችኛው ስዊች ግን ትልቁን ፓኬት አያሳልፍም። ሳይነግረኝ ይጥለዋል። ፒንግ (ማሽኑ መኖሩን የሚጠይቅ አጭር መልእክት) ይሠራል፣ ምክንያቱም ፒንግ ትንሽ ነው። ፋይል ሲላክ ግን ድርቅ ይላል። አንድ ሙሉ ከሰዓት ናሱ «አለ ግን የለም» ሆኖብኝ ዋልኩ። በኋላ ነው 8972 ባይት የሆነ ፒንግ «አትቁረጠው» ብሎ በመላክ መንገዱ ጃምቦ ያሳልፍ እንደሆነ አስቀድሞ ማየት እንደሚቻል ያወቅኩት። 9000 ላይ 28 ባይት ለአድራሻ መጻፊያ ሲቀነስ 8972 ይቀራል።

የሚያናድደው ደግሞ ቢሠራ እንኳ ምን ያህል ላተርፍ እንደነበረ ነው። በ1500 የጊጋቢት መስመር 95 ከመቶ ያህሉ ለዕቃው ይውላል። በ9000 ወደ 99 ከመቶ ይደርሳል። ያ ሁሉ ጣጣ ለ4 ከመቶ። 61 ሰዓት የሚፈጅ ነገር በ4 ከመቶ አይድንም። ወደ 1500 መለስኩት።

ሁለተኛው ሙከራዬ ናሱ ላይ ያለውን ትርፍ ፖርት (የኬብል መሰኪያ) መጠቀም ነበር። ሁለት ኬብል እንደ አንድ መስመር አስሬ ሁለት ጊጋቢት ላደርገው። አሰርኩት። ለውጥ የለም፣ ዜሮ። ለካ ሁለት ኬብል ሲታሰር ስዊቹ እያንዳንዱን ግንኙነት ከሁለቱ በአንዱ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። የእኔ ባክአፕ ደግሞ አንድ ግንኙነት ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ቢመጣ ይጠቅም ነበር፤ ለአንድ መኪና ግን መንገዱ ሁለት ሌይን ቢሆንም ፍጥነቱ ያው ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ነው መነካካቱን ትቼ ቁጥሩን ማየት የጀመርኩት። ባክአፑ የሚሄደው በሰከንድ 11.8 ሜጋባይት ነው። ሳላስተውለው የቆየሁት ነገር ከፍና ዝቅ አለማለቱ ነው። ቀንም 11.8፣ ሌሊትም 11.8። ዲስክ ሲደክም፣ ፕሮሰሰር ሲጨናነቅ ግራፉ እንደ ሰሜን ተራራ ይወጣል ይወርዳል። የእኔ ግራፍ ግን በማስመሪያ የተሰመረ ነበር። እንዲህ ቀጥ ያለ መስመር ካያችሁ የሆነ ቦታ ጣሪያ አለ ማለት ነው።

ሒሳቡ ይኸው። ኔትወርክ የሚለካው በቢት ነው፣ ፋይል በባይት። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። አንድ ጊጋቢት ለ8 ሲካፈል 125 ሜጋባይት ይሆናል፤ የፓኬቱ ማሸጊያ ሲቀነስ ወደ 117 ይወርዳል። አንድ መቶ ሜጋቢት ደግሞ 12.5 ነው፤ ማሸጊያው ሲቀነስ 11.8።

11.8!

ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ቁጥሩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስሙን እየነገረኝ ነበር። የሆነ ቦታ አንድ ነገር በ100 ሜጋቢት ነው የሚሠራው። ግን የት? ሰርቨሩ ላይ የኔትወርክ ካርዱ «1 ጊጋቢት» ይላል። ናሱም እንዲሁ። ሁለቱም አልዋሹም። እነሱ የሚያውቁት ከአጠገባቸው ካለው ስዊች ጋር ያላቸውን መስመር ብቻ ነው። መሃሉን አያዩትም።

እዚህ ላይ አይፐርፍ የምትባል ነፃ መሣሪያ ታስፈልጋለች። ዲስክ አትነካም፤ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ባዶ ዳታ ትረጭና የመስመሩን ፍጥነት ብቻ ትነግራችኋለች። ፋየርዎሉ (የኔትወርኩ ዘበኛ) ላይ 5201 ቁጥር ፖርትን (ይሄኛው የኬብል መሰኪያ ሳይሆን የሶፍትዌር በር ነው) መክፈት እንዳትረሱ፣ እኔ ረስቼ ግማሽ ሰዓት ተጨቃጭቄያለሁ። ላፕቶፔን የላይኛው ስዊች ላይ ሰካሁና ከሰርቨሩ ጋር ለካሁ፤ 941 ሜጋቢት። ታች ወርጄ ከናሱ ጋር ለካሁ፤ 940። ከላይ እስከ ታች ስለካ 94።

የቀረው በደረጃው የሚወርደው ኬብል ብቻ ነው። ያኔ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። 4ኛ ፎቅ ያሉት ሠራተኞች አንድም ቀን አላማረሩም። ሁሌም የሚደውሉልኝ የፋይናንስ ኃላፊዋ ናቸው፤ ፋይናንስ ደግሞ ታች ነው። እሳቸው በዚያ ኬብል ነው ወደ ሰርቨሩ የሚመጡት፣ ባክአፑም በዚያው። ስሞታቸውን ከየት እንደመጣ አስቤ ብሰማው ኖሮ አይፐርፍም ባላስፈለገ።

ታች ወርጄ ስዊቹን አየሁት። በእኛ ስዊች ላይ ጊጋቢት የሆነ ፖርት አረንጓዴ፣ ከዚያ በታች የሆነ ብርቱካናማ ያበራል። ከላይ የሚመጣው ኬብል የተሰካበት ብርቱካናማ ነበር። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! ብልጭ ድርግም ካለ ይሠራል ብዬ ነው የማልፈው።

ኬብሉን ነቅዬ 8 መብራት ያላት ርካሿ ቴስተር ላይ ሰካሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰባት በራ። ስምንተኛው ጨለማ። እንደገና ዞረ። ስምንት የለም። የፕላስቲክ ራሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ ሳየው ቡናማዋ ሽቦ አጥር ቀርታለች። ሌሎቹ ሰባቱ ጫፍ ድረስ ደርሰው የመዳብ ጥርሱ ነክሷቸዋል። እሷ ከጥርሱ ወዲህ፣ የጤፍ ፍሬ በምታክል ክፍተት ቆማለች። ያሰረው ሰው ሽቦዎቹን ሲቆርጥ እኩል አላደረጋቸውም።

ለምን ግን ጨርሶ አልጠፋም? 100 ሜጋቢት የሚጠቀመው አራት ሽቦ ብቻ ነው፤ ብርቱካናማዎቹንና አረንጓዴዎቹን። ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል። ከስምንቱ አንዱ ሲጎድል ብዙዎቹ የዛሬ ስዊቾች ጊጋቢት ሞክረው ሲያቅታቸው ዝም ብለው ወደ 100 ይወርዳሉ። ኢንተርኔታችን ከ100 በታች ስለሆነ ደግሞ ማንም ልዩነቱን አያይም። ኬብሉ ከተዘረጋ ጀምሮ እንዲህ ሆኖ የኖረ ይመስለኛል። ሁለቱንም ጫፍ ቆርጬ እንደ አዲስ አሰርኩ። አረንጓዴ በራ። አይፐርፍ 941 አለ።

ዓርብ ማታ በደስታ ቤቴ ሄድኩ። በ117 ሜጋባይት 2.6 ቴራባይት ከ6 ሰዓት ትንሽ በላይ ነው፤ ሌሊት 8 ሰዓት አልፎ ያልቃል። ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ሆኜ ሰርቨሩ ውስጥ ገብቼ ሳየው ገና ግማሽ ግድም ነበር። በ17 ሰዓት አለቀ፣ አማካዩ 42 ሜጋባይት። ከ61 ወደ 17 መውረድ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን አንዴ ሒሳቡን ካወቃችሁ በኋላ 42 አያስተኛም።

የአሁኑ ግራፍ ቀጥ ያለ አልነበረም። አንዳንዴ 110 ይወጣል፣ አንዳንዴ 6 ላይ ይተኛል። ጣሪያ ሳይሆን ጉድጓድ ነው። የት ላይ እንደሚተኛ ሰዓቱን ከሎጉ ጋር ሳስተያይ ሁሌም አንድ ፎልደር ላይ ነው፤ ስካን የተደረጉ ደረሰኞች። ወደ 4 ሚሊዮን ፋይል ነው፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎባይት ቢሆን ነው። ለማረጋገጥ ሁለት ነገር ወደ ናሱ ኮፒ አደረግኩ። 10 ጊጋባይት የሆነ አንድ ፋይል በ90 ሰከንድ ገደማ አለቀ። የደረሰኞቹ ፎልደር ግን 6 ሜጋባይት ላይ ተንፏቀቀ።

ሶፍትዌራችን ፋይል በፋይል ነበር የሚያነበው። ለእያንዳንዷ ደረሰኝ መክፈት፣ ፈቃዷን ማየት፣ ማንበብ፣ መዝጋት አለ። በላዩ አንቲቫይረሱ እያንዳንዷን አስቁሞ ይፈትሻል። ለአንዷ ፋይል 10 ሚሊሰከንድ ብቻ ቢባክን ለ4 ሚሊዮን 40,000 ሰከንድ ነው፤ 11 ሰዓት። 6 ሰዓት ከዚህ ጋር ሲደመር 17። ሒሳብ እንዲህ ሲገጥም ደስ ይላል መቼም።

መፍትሔው ሁለት ነበር። አንደኛ፣ አንቲቫይረሱ የባክአፑን ፕሮግራም ሲያይ እንዲያሳልፈው አደረግኩ። ፎልደሩን ከፍተሻ አላወጣሁትም፤ ያ አደገኛ ነው፤ ሠራተኛው ሲከፍት ፍተሻው እንዳለ መሆን አለበት። ሁለተኛና ዋናው፣ ባክአፑን ከፋይል ወደ ቮልዩም (ሙሉ የዲስክ ክፍል) ቀየርኩት። አሁን ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በብሎክ ያነባል፤ ውስጡ አንድ ፋይል ይሁን 4 ሚሊዮን ግድ የለውም። አንድ ፋይል ብቻ መልሶ ማውጣትም ይቻላል። ባለፈው ዓርብ በ98 ሜጋባይት ሄዶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ አለቀ።

ፈጠነ ብዬ ግን አልተኛሁም። መልሶ ያልተሞከረ ባክአፕ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። ቅዳሜ ከደረሰኞቹ የአንድ ወር ፎልደር ወደ ሌላ ማሽን መለስኩና አሥራ አምስቱን በዘፈቀደ ከፈትኩ። ሁሉም ተነበቡ። መመለሱ ግን ያው ቀርፋፋ ነው፣ ምክንያቱም ሲመለስ እንደገና ፋይል በፋይል ይጻፋል። ሙሉው ፎልደር ቢጠፋ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አስልቼ ለኃላፊዎች በጽሑፍ ሰጥቻለሁ። ቁጥሩን አስቀድሞ ያየ ሰው በዚያ ቀን አይጮህብኝም ብዬ ነው።

አሁን የያዝኩት ሐዋሳ ላለው ቅርንጫፋችን ሁለተኛ ቅጂ መላክ ነው። መስመሩ 20 ሜጋቢት ነው፣ በሰከንድ 2.5 ሜጋባይት ማለት ነው። የመጀመሪያው 2.6 ቴራባይት በዚያ ቢላክ 12 ቀን ይፈጃል። በየቀኑ የሚቀየረው 15 ጊጋባይት ግን በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያልቃል። ስለዚህ የመጀመሪያውን በዲስክ፣ በይለፍ ቃል ቆልፌ፣ ረቡዕ በሚሄደው የመሥሪያ ቤቱ መኪና ልልከው ነው። ሹፌሩ ዲስኩን ከኋላ ከሻንጣዎቹ ጋር ሊያስቀምጠው ፈልጎ ነበር። ከፊት፣ በፎጣ ተጠቅልሎ እንዲቀመጥ ተስማምተናል።